የሚነዝረው በገናው ነው ወይስ ስፒከሩ?

እንግዳ ድምፅ ያላቸውን የሙዚቃ ቅጂዎች በቤት ውስጥ አጥርቶ ለመስማት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ያልተለመደ ድምፅ ያለውን ሙዚቃ ቤታቸው ቁጭ ብለው ለማዳመጥ የሚሞክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይሳሳታሉ። አንዳንዶቹ ሙዚቀኛው አስቦበት ያስገባውን ድምፅ እንደ ብልሽት ቆጥረው ቅጂውን ይዘጉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ የስፒከራቸው መንቀጥቀጥ ወይም የክፍላቸው ማስተጋባት የሙዚቀኛው ጥበብ መስሏቸው ያደንቃሉ። የሁለቱም ስህተት ምንጩ አንድ ነው፤ ድምፁ ከቅጂው ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ ያለው መንገድ ሳይፈተሽ ማዳመጥ ተጀምሯል።

ይህ መመሪያ ያንን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በተራ ያስፈትሻል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይከተሉ፤ ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ማዳመጡ የሚሄድ ሰው ደረጃ 6 ላይ ሲደርስ የሚሰማው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያቅተዋልና ተመልሶ ከመጀመሪያው መጀመሩ አይቀርም። ሥራው ሁለት ምሽት ይበቃዋል።

ከመጀመርዎ በፊት

ሁለት ስፒከር ወይም ባለ ሽቦ ሄድፎን (ሁለቱም ቢኖሩ ይመረጣል)፣ ሁለት ስልክ፣ ሜትር፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዘጋጁ። ሁለተኛውን ስልክ ከቤተሰብ መዋስ ይቻላል። ኮምፒውተር ካለዎት ኦዳሲቲ የተባለውን ነጻ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ይጫኑበት። ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የማያገለግለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የስልኩ የራሱ ትንሽ ስፒከር ነው፤ ምክንያቱ ደረጃ 6 ላይ ተገልጿል።

ለመለማመጃ የሚሆኑትን ቅጂዎች አስቀድመው ይፈልጉ። በቅደም ተከተል የምንጠቀምባቸው አራት ናቸው፦ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 11ኛ ቁጥር ላይ የሚገኘው የዓለሙ አጋ በገና፣ አሜሪካዊው ስቲቭ ራይሽ በ1966 የሠራው «ካም አውት»፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዱት መዝሙርና ፒያኖ፣ እንዲሁም ግብጻዊው ሃሊም ኤል-ዳብ በ1944 ካይሮ ውስጥ በሽቦ መቅጃ የሠራው አጭር ሥራ። በመጨረሻው ደረጃ አምስተኛውን ራስዎ ይሠሩታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ የሚታመን ፋይል ያግኙ

1. ቅጂውን በተቻለ መጠን ከአሳታሚው ወይም ከታወቀ የሙዚቃ መሸጫ ያግኙ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ፋይል በእያንዳንዱ ዝውውር ሳይታመቅና ሳይለወጥ አይቀርም።

2. በቴሌግራም የሚላክልዎት ከሆነ በፋይል መልክ እንዲላክ ይጠይቁ። አንድ ሰው ስልኩን ከቴፑ ፊት ይዞ በድምፅ መልእክት ከቀዳው፣ ቅጂው ባለ አንድ መስመር ሆኖ ከላይም ከታችም ተቆርጦ ይደርስዎታል፤ እንዲህ ዓይነቱን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት።

3. ፋይሉን በኦዳሲቲ ይክፈቱና ስፔክትረሙን፣ ማለትም ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በኸርዝ ዘርዝሮ የሚያሳየውን ምስል ይመልከቱ። ድምፁ ከፍ ወዳለው ክልል እየሳሳ ሄዶ ቀስ ብሎ ከጠፋ፣ ያረጀ ካሴት ወይም ሸክላ ባሕርይ ነውና አያሳስብዎት። 11 ወይም 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሲደርስ በቢላዋ እንደተቆረጠ ድንገት ካለቀ ግን ፋይሉ ክፉኛ ታምቋል። ባለ 64 ኪሎቢት ፋይል ወደ ባለ 320 ቢቀየር መጠኑ ያብጣል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም፤ ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ።

4. ከካሴት የተገለበጠ ከሆነ ፍጥነቱን ያጣሩ። የባሕል ሙዚቃችን ቅኝት ከቋሚ የፒያኖ ቁልፍ ጋር የታሰረ ስላልሆነ፣ ዘፈኑ «ከፍ ብሏል» ወይም «ዝቅ ብሏል» ለማለት የሚይዙት መለኪያ የለዎትም። አንድ ዘዴ አለ። በቆዩ ቅጂዎች ሥር ደካማ የኤሌክትሪክ እምታ አይጠፋም፤ በኢትዮጵያ የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ ስለሆነ እምታው በ50 ወይም በእጥፉ በ100 ላይ መታየት አለበት። ስፔክትረሙ ላይ 53 ላይ ካገኙት ካሴቱ ሲገለበጥ 6 በመቶ ያህል ፈጥኗል ማለት ነውና በኦዳሲቲ ፍጥነቱን በዚያው ልክ ይቀንሱት። ግልበጣው የተካሄደው አሜሪካ ከሆነ ግን የመገልበጫው መሣሪያ የራሱን 60 ኸርዝ ሊጨምርበት ስለሚችል፣ ከማረምዎ በፊት እምታው የቴፑ ሹክታ ሳይጀምር ከነበረው ጸጥታ ጀምሮ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ከቴፑ በፊት የነበረ ከሆነ የመሣሪያው ነው።

ደረጃ 2፦ ድምፅ «የሚያሳምሩ» ቅንብሮችን ያጥፉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ስልኮችና ስፒከሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ዘፈንን ለማድመቅ የተዘጋጁ ቅንብሮች ይዘው ይመጣሉ፤ ለእንግዳ ድምፅ ግን ከእነርሱ የባሰ ጠላት የለም።

ኢኩዋላይዘሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ባስ መጨመሪያውን፣ ዙሪያ ድምፅ የሚባለውን፣ የሁሉንም ዘፈን መጠን የሚያስተካክለውን ቅንብር ሁሉ ይዝጉ። በኢንተርኔት የሚያዳምጡ ከሆነ የዳታ ቁጠባውን አጥፍተው ከፍተኛውን ጥራት ይምረጡ። በስልኩ ተደራሽነት (Accessibility) ክፍል ውስጥ ግራና ቀኝን አንድ የሚያደርገው የሞኖ ቅንብር አለመከፈቱን ይመልከቱ፤ ይህ ቅንብር ሳይታወቅ ለዓመታት ተከፍቶ መቆየት ይችላል።

ድምፁ ድንገት እንደ ስልክ ጥሪ ጠቦ ቢሰማዎት፦ የብሉቱዝ ሄድፎኑ ማይክ ተከፍቶ ወደ ጥሪ ሁኔታ ገብቷል። ማይኩን የያዘውን አፕ ይዝጉ፤ ካልሆነ ብሉቱዙን አጥፍተው እንደገና ያገናኙት።

ደረጃ 3፦ ክፍሉን ያዘጋጁ

ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ የጎረቤት ቴሌቪዥንና የመንገዱ ጩኸት ጋብ ይላል። ቤትዎ የቆርቆሮ ክዳን ከሆነና ዝናብ ከመጣ ያቋርጡ፤ ከቆርቆሮ ጋር የሚፎካከር ስፒከር የለም።

በክፍሉ መሀል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርር» የሚል የብረት ጭራ ከተከተለ ድምፁ በሁለት ራቁት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ሴራሚክ ወለልና ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ያላቸው የኮንዶሚኒየም ሳሎኖች በዚህ የታወቁ ናቸው። መጋረጃውን ይዝጉ፤ ከፊት ለፊት ባለው ራቁት ግድግዳ ላይ ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ይስቀሉ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ። እንደገና ያጨብጭቡ። ጭራው ካጠረ ይበቃል፤ ክፍሉን በጨርቅ ሸፍኖ ማፈን አይገባም።

ቀጥሎ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ያስወግዱ። በረከቦት ላይ የተደረደሩ ሲኒዎች፣ የቡፌ መስታወት፣ በምስማር ላይ የተንጠለጠለ የፎቶ ፍሬም፣ የላላ የመስኮት መስታወት ዋናዎቹ ናቸው። ሲኒዎቹን እርስ በርስ እንዳይነካኩ ያራርቋቸው ወይም ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዷቸው።

ደረጃ 4፦ ስፒከሮቹን ያስቀምጡ

1. በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከእያንዳንዱ ስፒከር እስከ ጆሮዎ ያለው ርቀትም ከዚያው ጋር እኩል ይሁን። 2 ሜትር ለብዙ ሳሎን ይስማማል።

2. ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ያርቋቸው። ጥግ ላይ የተወሸቀ ስፒከር ባሱን ያለ ልክ ያሳብጣል።

3. ትንሿ የቀጭን ድምፅ ማውጫ በተቀመጡበት ከጆሮዎ ጋር ትክክል እንድትሆን ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጓቸው። የቡና በርጩማ ጥሩ ማቆሚያ ነው፤ እንዳይነዝር ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ ያድርጉበት።

4. የሽቦዎቹን ቀለም ያረጋግጡ፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይገናኝ። በአንዱ ስፒከር ላይ ተገልብጦ ከተሰካ ባሱ ይሳሳል፣ ከመሀል መምጣት የነበረበት ድምፅም አቅጣጫው ጠፍቶ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል።

ያለዎት አንድ የብሉቱዝ ስፒከር ብቻ ከሆነ ደረጃ 6ን በእርሱ ይሥሩ፤ ለደረጃ 7 ግን ሄድፎን የግድ ነው።

ደረጃ 5፦ የድምፁን መጠን ይወስኑ

ቅጂው ውስጥ ያለው የሰው ድምፅ፣ ሰውየው ከፊትዎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በሚሰማዎት መጠን ያስተካክሉት። በወረቀትዎ ላይ የቮልዩሙን ቁጥር ይጻፉና እስከ ደረጃ 8 መጨረሻ አይንኩት፤ የምናደርገው ንጽጽር ሁሉ መጠኑ ሲለዋወጥ ዋጋ ያጣል። ይህ ሕግ የማይሠራበት አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ ነው፤ እርሱም በደረጃ 6 የመጀመሪያው ፈተና ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጸጥ ያለውን ክፍል ለመስማት ብለው ቮልዩሙን አይጨምሩ፤ ኃይለኛው ክፍል ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ መጠኑ ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ካዳመጡ በኋላ ጆሮዎ ውስጥ ጭውታ ከተሰማዎት አብዝተዋልና ለዚያ ዕለት ይብቃዎት።

ደረጃ 6፦ በገናውን ያዳምጡ፤ ንዝረቱን ከብልሽት ይለዩ

የዚህ መመሪያ ዋና ሥራ እዚህ ነው፤ በቂ ጊዜ ይስጡት።

በገና 10 አውታሮች አሉት። እያንዳንዱ አውታር በርኩማው (አውታሮቹን ደግፎ የሚይዘው ድልድይ) ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው እንዝራዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እየገፋ፣ አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን በጭንቅ ነካ ለቀቅ የሚያደርግበትን ነጥብ ይፈልጋል። ያ ንኪት አውታሩ ለብቻው ከሚያወጣው ወፍራም ድምፅ በላይ በርካታ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል፤ የምንሰማው «ዝዝዝ» እርሱ ነው። ንዝረቱ ሆን ተብሎ የተቃኘ ነው፤ እንዝራዋ ብትወጣ በገናው ይለዝባል፣ መልኩም ይጠፋል።

የስልክ ስፒከር እዚህ ላይ ያሳስታል። ትንሽ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በጣም አዳክሞ ነው የሚያወጣው፤ የበገናው ወፍራም አካል ግን በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው ያለው። ስለዚህ ስልኩ አካሉን አስቀርቶ ንዝረቱን ብቻ ያደርስዎታል፤ ውጤቱም የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። በዐቢይ ጾም በገናን ከታክሲ ሬዲዮ ብቻ የሚያውቅ ሰው መሣሪያውን «የሚጮኽ ነገር» ቢለው አልፈርድበትም፤ የሰማው ግማሹን ነው።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በገናን ለመጀመሪያ ጊዜ በደኅና ስፒከር ስሰማ ስፒከሩን ተሸክሜ ወደ ጥገና ቤት ወስጄዋለሁ። ጠጋኙ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «ወረቀቱ ተሰንጥቋል» አለኝ፣ ቀየረልኝ፣ ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው አውታር ላይ፣ ልክ እንደ በፊቱ ነዘረ። የሚከተሉትን አራት ፈተናዎች ያኔ ባውቃቸው ኖሮ ገንዘቤ አይባክንም ነበር።

ንዝረቱ የቅጂው መሆኑን የሚያረጋግጡ አራት ፈተናዎች

ሀ. የመቀነስ ፈተና። ቮልዩሙን ወደ ግማሽ ዝቅ ያድርጉት። ንዝረቱ ከአውታሩ ድምፅ ጋር አብሮ እኩል ካነሰ የቅጂው ነው። አውታሩ እየተሰማ ንዝረቱ ብቻውን ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን የሚንቀጠቀጠው ስፒከሩ ወይም በክፍሉ ያለ ዕቃ ነው። ሲጨርሱ ቮልዩሙን ወደ ጻፉት ቁጥር ይመልሱ።

ለ. የመለወጥ ፈተና። ያንኑ ቦታ በሄድፎን ያዳምጡ። በሄድፎንም ካለ ስፒከሩ ነጻ ነው።

ሐ. የማዛወር ፈተና። የግራውን ስፒከር ሽቦ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዛውሩ። ጥርጣሬ ያደረብዎት ድምፅ ከሽቦው ጋር ቦታ ከለወጠ ችግሩ ከስፒከሩ በፊት ያለ ነው፤ ከዚያው ስፒከር ካልተንቀሳቀሰ ስፒከሩን ያስጠግኑ።

መ. የመዳፍ ፈተና። ሙዚቃው እየሄደ መዳፍዎን በቡፌው መስታወት፣ በመስኮቱ፣ በፍሬሙ ላይ በተራ ያሳርፉ። እጅዎ ሲያርፍ ድምፁ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኝቷል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የዕቃ ንዝረት አንድ ወይም ሁለት አውታር ሲነካ ብቻ ነው የሚነሣው፤ የእንዝራ ንዝረት ግን በሚደረደሩት አውታሮች ሁሉ ላይ አለ፣ ከአውታር ወደ አውታርም ቀለሙ ይለያያል። እኔ ቤት አንዲት ሲኒ አንድን አውታር ብቻ እየጠበቀች ከሰሃኗ ጋር «ቲርርር» ትል ነበር፤ ዓለሙ አጋ እርሱን በተዉት ቁጥር ዝም፣ በነኩት ቁጥር ቲርርር። ለሁለት ሳምንት ያህል የቅኝቱ አካል መስላኝ ነበር።

አሁን ያዳምጡ

ንዝረቱ የበገናው መሆኑ ከተረጋገጠ አንዱን መዝሙር አራት ጊዜ ያዳምጡት። በመጀመሪያው ምንም አይጻፉ። በሁለተኛው ጆሮዎን ከታች ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ብቻ ያቆዩና ንዝረቱ በላዩ እንደ ጭስ እንዲያልፍ ይተዉት። በሦስተኛው አንድ አውታር ከተነካ በኋላ የሚቀጥለው እስኪነካ ድረስ ንዝረቱ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ይከታተሉ። በአራተኛው ዘማሪው ድምፁን ለምን እንደማያነሣ ያስተውሉ፤ ሊናገር ምንም ያህል ሳይቀረው ዝቅ አድርጎ ስለሚያዜም ቃሉ ከአውታሩ ንዝረት መካከል ይወጣል። የቻለ ሰው በጣት የተደረደረውንና ግርፍ በሚባለው መምቻ የተመታውን አጠገብ ለአጠገብ ቢያነጻጽር ጥሩ ነው፤ የግርፉ አነሳስ የሰላ ነው።

ንዝረቱ ከአራት ጊዜ በኋላም ቢያሰለችዎት፦ ቮልዩሙ በዝቷል ወይም ስፒከሩ ጥግ ላይ ነው። ወደ ደረጃ 4 እና 5 ይመለሱ። ወፍራሙ ድምፅ ከቶ ካልተሰማዎት ወንበርዎን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሱ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ባስ የሚጠፋበት ቦታ አለ፣ እርስዎ ምናልባት በእርሱ ላይ ተቀምጠዋል።

ደረጃ 7፦ በሁለት መስመር የሚለያይ ድምፅ

«ካም አውት» 13 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጥሬ ዕቃው የአንድ ወጣት ጥቂት ቃላት ናቸው። ያው ሐረግ በግራና በቀኝ መስመር አንድ ላይ ይነሣና እየተደጋገመ ሲሄድ አንዱ ከሌላው በጥቂት በጥቂቱ ይቀድማል፤ በኋላ አራት፣ ከዚያም ስምንት ድምፅ ይሆናል፤ በመጨረሻ ቃሉ ቃልነቱን አጥቶ ምት ብቻ ይቀራል።

1. መብራቱን ዝቅ አድርገው በሁለቱ ስፒከሮች ትክክል መካከል ይቀመጡ።

2. መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከመሀል መምጣቱን ያረጋግጡ። ከመሀል ካልመጣ አይቀጥሉ፤ ወደ አንድ ወገን ካደላ ርቀቱን እንደገና ይለኩ፣ ከየትም እንዳልሆነ ከተበተነ ከደረጃ 4 የሽቦዎቹን ቀለም ይመልከቱ።

3. ድምፁ ከመሀል ተነሥቶ ወደ ጎን የሚንሸራተትበትን ደቂቃ ይጻፉ። በቀጣዩ ቀን እንደገና አዳምጠው ይጻፉ፤ ጆሮ ሲለምድ ቀደም ብሎ ያስተውላል።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር፦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በቅጂው ውስጥ የሌሉ ቃላት መስማት ይጀምሩ ይሆናል። ሲደጋገም አእምሮ የራሱን ቃል ስለሚያስገባ ነው እንጂ ፋይሉ አልተበላሸም። አማርኛ ቃል የሰሙ እንደሆነም አይደንግጡ።

እንግሊዝኛ ድግግሞሹ የሚያስቸግርዎት ከሆነ በዚሁ መንገድ የደራሼን ፊላ መሞከር ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ነፊ የየራሱን ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዞ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ነው የሚሞላው። በስቴሪዮ በደንብ የተቀዳ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

ደረጃ 8፦ ጫጫታው የቅጂው አካል ሲሆን

እማሆይ ጽጌ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ ሲያዜሙ በካሴት ቀድተዋል። የመቅጃው ሹክታ፣ የቁልፎቹ ኳኳታና ከመስኮት ውጭ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ጫጫታ ማጽጃ መጠቀም ነው። አይጠቀሙ፤ ማጽጃው ሹክታውን ሲወስድ የፒያኖውን የመጨረሻ ትንፋሽ አብሮ ይወስዳል፣ በቦታውም የውሃ ውስጥ የሚመስል ቡልቅታ ይተዋል። ከዚህ ይልቅ ከመጀመርዎ በፊት ለአንድ ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡና የራስዎን ክፍል ድምፆች በወረቀት ይመዝግቡ፦ ፍሪጅ፣ ሰዓት፣ ውሻ። ከዚያ ቅጂውን ይክፈቱ። የእርስዎን ቤት ከእርሳቸው ቤት መለየት ሲችሉ ደረጃው ተጠናቋል። እጃቸው ምት ሲያዘገይና ሲያፈጥን በጣትዎ ጠረጴዛ እየመቱ ለመከተል አይሞክሩ፤ ይተዉት።

የኤል-ዳብ ሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በካይሮ የሴቶች የዛር ሥርዓት ላይ የቀዳውን ዜማ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶ፣ የድምፆቹን መሠረት እየቀነሰና ማስተጋባት እየጨመረ ጥላቸውን ብቻ አስቀርቷል። (ይኸው ሰው በ1963 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው ነው።) ቅጂው ሞኖ ስለሆነ በሄድፎን ሳይሆን በአንድ ስፒከር ያዳምጡት። «ፋይሉ ግማሹ ጎድሏል» የሚል ስሜት ከመጣብዎት ትክክል ነዎት፤ የጎደለው በሠሪው እጅ ነው።

የጌታቸው መኩሪያን የ1972 የሳክስፎን ቅጂ በዚህ ደረጃ መጨረሻ ቢጨምሩ ጥሩ ነው። ሳክስፎኑ ሽለላ እያሸለለ ነውና የትንፋሹን መንቀጥቀጥ የካሴት መወላገድ አድርገው አይቁጠሩት። መለያው ቀላል ነው፦ ካሴት ሲወላገድ ከበሮውም ኦርጋኑም አብረው ይወላገዳሉ።

ደረጃ 9፦ የራስዎን ክፍል ያናግሩ

አልቪን ሉሲየር የተባለው አሜሪካዊ በ1969 አንድ ቀላል ነገር አደረገ፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አነበበና ቀዳ፣ የቀዳውን እዚያው ክፍል ውስጥ አጫውቶ እንደገና ቀዳ፣ ያንንም እንደገና። እየተደጋገመ ሲሄድ ንግግሩ ሟሙቶ ክፍሉ የሚያደላላቸው ድምፆች ብቻ ቀሩ። ይህን በሁለት ስልክ መሥራት ይቻላል፤ ጥቅሙም የክፍልዎን አመል ማወቅ ነው።

1. ግማሽ ደቂቃ የሚወስድ ጽሑፍ በአማርኛ ይጻፉ። ጠ፣ ቀ፣ ሸ የበዙበት ቢሆን ለውጡ ጎልቶ ይታያል።

2. በመጀመሪያው ስልክ ከ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይቅዱት። የመቅጃውን ጫጫታ መቀነሻና ድምፅ ማጥሪያ አስቀድመው ያጥፉ፤ ካላጠፉት ስልኩ የክፍሉን ማስተጋባት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጠርገዋል፣ ሥራውም ከንቱ ይሆናል።

3. ቅጂውን በስፒከሩ ያጫውቱ፤ ሁለተኛውን ስልክ ጆሮዎ በሚሆንበት ቦታ አቁመው ይቅዱ። እየቀዱ አይንቀሳቀሱ።

4. አዲሱን ቅጂ በሽቦ ወይም በፋይል መልክ ወደ ማጫወቻው ያዛውሩና ያጫውቱ፣ እንደገና ይቅዱ። ቢያንስ 10 ጊዜ ይደጋግሙ፤ እያንዳንዱን በቁጥር ይሰይሙት። የስልኩም የስፒከሩም ቦታ አይለወጥ።

ብልሽት ሲያጋጥም፦ ድምፁ እየኮሰመነ ሹክታው ብቻ ካደገ የስፒከሩን ቮልዩም ከፍ ያድርጉ። ከተሰነጣጠቀ ዝቅ አድርገው ከዚያው ዙር ይድገሙት፤ የተሰነጠቀ ዙር በቀጣዮቹ ላይ እየተባዛ ይሄዳል። በሦስተኛው ዙር አንድ ድምፅ ብቻ ገኖ ሌላውን ከዋጠ ስፒከሩ ወይም ስልኩ ለግድግዳ ቀርቧል። ከ10 ዙር በኋላም ቃላቱ ከተሰሙ ክፍሉ በጨርቅ ታፍኗልና ጋቢውን ያውርዱት። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ የመጨረሻው ሙሉ ዙር ከተቀመጠበት ይቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም።

የክፍሉን ርዝመት በሜትር ይለኩ፤ 343ን (ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ የሚጓዘውን ሜትር) ለርዝመቱ እጥፍ ያካፍሉ። ክፍሉ 3.4 ሜትር ቢሆን 50 ኸርዝ አካባቢ ይወጣል፤ ይህ ክፍሉ በርዝመቱ የሚያገነው ዝቅተኛው ድምፅ ነው። የስልክ ማይክ ይህን ያህል ወፍራም ድምፅ በደንብ ስለማይዝ፣ በመጨረሻው ዙር የሚቀርልዎት ከዚህ ከፍ ያሉት ብዜቶች ይሆናሉ።

በመጨረሻው ዙር የቀረውን ድምፅ በአፍዎ እያንጎራጎሩ በልብዎ ይያዙት። ከዚያ የደረጃ 6ን በገና እንደገና ይክፈቱና ያ ድምፅ የትኛው አውታር ላይ እንደሚወድቅ ይፈልጉ፤ ያ አውታር ከሌሎቹ ገዝፎ ከተሰማዎት ግዝፈቱ የሳሎንዎ ነውና ወንበርዎን ከኋላው ግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው ድጋሚ ያዳምጡት።